ውጭ ተመድቦ መሥራት ወይስ አገር ቤት መቆየት፦ ሙያን ሳይጎዱ የመወሰኛ፣ የመሄጃና የመመለሻ መመሪያ

አዲስ አበባ ላይ ለዓለም አቀፍ ድርጅት ወይም ኩባንያ የሚሠራ ባለሙያ ናይሮቢ ባለው ቀጠናዊ ቢሮ፣ ወይም ዱባይና ሪያድ ባለ ቅርንጫፍ ለሁለትና ለሦስት ዓመት እንዲሠራ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያጣራው ደመወዙን ነው። ከሚነሱት ጥያቄዎች ሁሉ ግን ቀላሉ ደመወዝ ነው። ከባዱ፣ ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ የት ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ ማወቅ ነው። መልሱ የሚወሰነውም ሻንጣ ከመታሰሩ በፊት ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። ድርጅቱ እርስዎን ለመላክ የሚቸኩለው ያኔ ነው፤ የጠየቁት የሚፈረመውም ያኔ ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው ለዚህ ነገር ልክ ነው።

መመሪያው ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የሚደረገውን ምደባ ዋና ምሳሌ አድርጎ ይሄዳል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች አሠራር የሚለይበት ቦታ ሲደርስ ለብቻው ይነሳል።

1. የቀረበልዎት ውል የትኛው ነው?

በደብዳቤው ርዕስ አይመሩ። «ምደባ»፣ «ዝውውር»፣ «ውሰት» የሚሉት ቃላት እንደ ጸሐፊው ይለዋወጣሉ። ሦስት ጥያቄ በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ደመወዜን የሚከፍለው የትኛው ቢሮ ነው? የአዲስ አበባው ውሌ ይቀጥላል፣ ይታገዳል ወይስ ይቋረጣል? የመመለሻ ቀኔ ተጽፏል?

የአዲስ አበባው ውል ሳይነካ ደመወዝ እዚያው እየተከፈለ የውሎ አበልና ማረፊያ ብቻ የሚጨመር ከሆነ አጭር ተልዕኮ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት አይበልጥም። ውሉ እዚህ እንዳለ ሆኖ ወይም ታግዶ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ለሌላው ቢሮ የሚሠሩና የመመለሻ ቀን ያለዎት ከሆነ ውሰት ነው። የአዲስ አበባው ውል ተቋርጦ ከናይሮቢው ቢሮ ጋር አዲስ የሚፈርሙ ከሆነ ደግሞ ዝውውር ነው። ዝውውር መመለሻ የለውም። ስሙ የቱንም ያህል ቢያምር አዲስ ቅጥር ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤው «ውሰት» ይላል፤ በማግስቱ የሰው ሀብት ክፍሉ «ለፎርማሊቲ ነው» ብሎ የመልቀቂያ ማመልከቻ ያስጽፋል። ክፋት ላይሆን ይችላል። የናይሮቢው ቢሮ በኬንያ ሕግ ራሱን ችሎ የተመዘገበ ድርጅት ከሆነ፣ የሥራ ፈቃድ የሚያወጣልዎት እሱ ስለሆነ በስሙ የተፈረመ የቅጥር ውል ይፈልጋል። ይህ ግን የአዲስ አበባውን ውል መግደልን አይጠይቅም። መፍትሔው ሁለት ወረቀት ነው፦ ለሥራ ፈቃዱ የኬንያው ውል፣ ለእርስዎ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው አሠሪ የሚፈርመው የውሰት ደብዳቤ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለዚህ የሚረዳ በር አለው። ሠራተኛው ሲጠይቅ አሠሪው የሚሰጠው ያለ ደመወዝ ፈቃድ ውልን የሚያግድ ምክንያት ነው። ውሉ ይታገዳል እንጂ አይቋረጥም፤ የእግዱ ጊዜ ሲያልቅ ሠራተኛው በማግስቱ ባለው የሥራ ቀን ሲቀርብ አሠሪው ወደ ሥራው ሊመልሰው ይገባል። መልቀቂያ ከጻፉ ግን ይህ ሁሉ ይቀራል። የሥራ ስንብት ክፍያም ቢሆን በራሱ ፈቃድ ለለቀቀ ሠራተኛ የሚከፈለው ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት ነው። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ነው፤ 6 ዓመት የሠራ ሰው የ80 ቀን ደመወዝ ያገኛል ማለት ነው። አራት ዓመት ከስምንት ወር ሠርተው «ለፎርማሊቲ» መልቀቂያ መጻፍ ምን እንደሚያስቀር ከዚህ ይታያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። መቅጠር፣ ማሰናበት፣ የድርጅቱን አሠራር መወሰን የሥልጣንዎ አካል ከሆነ አዋጁ ይጠብቀኛል ብለው አይተማመኑ። ለእርስዎ ያለው ጥበቃ ውሉ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው።

በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ያለው መንገድ ከዚህ ይለያል። አገር ውስጥ የተቀጠረ ብሔራዊ ባለሙያ ወደ ዓለም አቀፍ ደረጃ በዝውውር አያድግም፤ ተወዳድሮ አዲስ ይቀጠራል። ፒ በሚል ፊደል በሚጠሩት የዓለም አቀፍ ባለሙያ ደረጃዎች የልምድ መነሻው ለፒ-3 5 ዓመት፣ ለፒ-4 7 ዓመት፣ ለፒ-5 10 ዓመት ነው። ማስተርስ የሌለው በባችለር ዲግሪና በሁለት ተጨማሪ ዓመት ልምድ ሊያካክሰው ይችላል። የብሔራዊ ባለሙያነት ዓመታት ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ አዲስ አበባ መቆየት በራሱ ወደ ውጭ የሚወስድ ደረጃ ሊሆን ይችላል።

2. የሦስት ዓመት ሒሳብ

አንድ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉ፤ በግራ «ብሄድ»፣ በቀኝ «ብቆይ»። ብዙ ሰው በግራ ሦስተኛውን ዓመት፣ በቀኝ የዛሬውን ደመወዝ ይጽፍና መሄድ ያሸንፋል። በቀኝ በኩልም ከሦስት ዓመት በኋላ ሊደርሱበት የሚችሉትን ደረጃ ይጻፉ። አለቃዎ በሁለት ዓመት ውስጥ ጡረታ የሚወጣ ከሆነ ያ ወንበር በቀኝ በኩል መግባት አለበት።

ገንዘቡን ሁልጊዜ በተጣራ ያነጻጽሩ። ኬንያ ላይ የገቢ ግብሩ ከ10 በመቶ ጀምሮ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። በተጨማሪ 2.75 በመቶ ለጤና መድን፣ 1.5 በመቶ ለቤት ልማት ይቆረጣል፤ የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮም አለ። ስለዚህ 400,000 ሽልንግ የተባለ ወርኃዊ ደመወዝ ኪስ ሲገባ 270,000 ገደማ ነው። ደብዳቤው «የተጣራ» ካላለ ያልተጣራ ነው ብለው ይቁጠሩ።

ዱባይ ላይ የግለሰብ የገቢ ግብር የለም፤ ወጥመዱ ሌላ ቦታ ነው። የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በዓመት የ21 ቀን ደመወዝ ነው፤ የሚሰላው ግን ከነአበሉ ሳይሆን በመሠረታዊ ደመወዝ ብቻ ነው። ጠቅላላው 12,000 ድርሃም ሆኖ መሠረታዊው 6,000 ከሆነ ለሦስት ዓመት የሚያገኙት 12,600 ድርሃም ነው። ጠቅላላው ሳይነካ መሠረታዊው 9,000 ቢደረግ ክፍያው 18,900 ይሆናል። አሠሪው በየወሩ አንድ ድርሃም አልጨመረም፤ የተቀየረው ክፍፍሉ ብቻ ነው። ሳዑዲ ላይ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በዓመት የግማሽ ወር ደመወዝ ነው። ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ በራሳቸው ፈቃድ የለቀቁ ግን የዚህን ሲሶ ብቻ ያገኛሉ። ውሉን እስከ ማብቂያው መጨረስና ሁለት ወር ቀድሞ መልቀቅ የሚራራቁት እንዲህ ነው።

ቀጥሎ የምንዛሪ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 መጨረሻ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የአገር ቤት ደመወዛቸው በብር ተቆርጦ ከላዩ አበል ይታከልላቸው የነበሩ ሰዎች የኑሮ መሠረታቸው በዶላር ሲታይ ግማሽ ያህል ወረደ። ሙሉ ደመወዙ በዶላር የተጻፈለት አልተነካም። እሱን የሚጠብቀው ፈተና ደግሞ ሲመለስ ነው፤ የብሩ ደመወዝ በዶላር ሲቆጠር ያስደነግጠዋል። ስለዚህ ቤት ኪራይና የትምህርት ክፍያ የሚከፍሉበት ገንዘብ ዓይነትና ደመወዝ የሚቀበሉበት አንድ ይሁኑ።

ገንዘቡ ካለቀ በኋላ በሁለቱም በኩል አራት ቃል ይጻፉ፦ ደረጃ፣ በጀት፣ ሰው፣ ውሳኔ። በምን ደረጃ እሆናለሁ? ስንት ገንዘብ በፊርማዬ ይወጣል? ስንት ሰው ለእኔ ሪፖርት ያደርጋል? ሳልጠይቅ ምን መወሰን እችላለሁ? «ቀጠናዊ አስተባባሪ» የሚል ማዕረግ ተሰጥቶት ሠራተኛም በጀትም የሌለው ሰው በየአገሩ ካሉ ኃላፊዎች ሪፖርት እየለመነ ሦስት ዓመት ይጨርሳል። ተመልሶ ለኃላፊነት ሲወዳደር «ስንት ሰው መርተሃል?» ሲባል መልስ የለውም። አራቱም በግራ በኩል ከወረዱ ደመወዙ እጥፍ ቢሆንም እንኳ ለሙያዎ ኪሳራ ነው። ለገንዘቡ ብሎ መሄድ ነውር የለበትም፤ ልጅ ማስተማርና ቤት መሥራት በቂ ምክንያት ነው። እያወቁ ይሁን ብቻ።

ሳይለቁ ልምዱን ማግኘት

ሚዛኑ ወደ ቀኝ ካደላ፣ አዲስ አበባ ለዓለም አቀፍ ልምድ ሩቅ ከተማ አይደለችም። የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እዚሁ ናቸው። በሁለት መንገድ ይሞክሩ። አንደኛው በወሊድ ወይም በረዥም ፈቃድ የሄደን የሌላ አገር ባልደረባ ከሦስት እስከ ስድስት ወር መተካት ነው። ወንበሩ በሙሉ ሥልጣን ስለሚሰጥዎት ሁለት ዓመት በረዳትነት ከመቆየት ይልቅ በሥራ ታሪክ ላይ ይከብዳል። ሁለተኛው አዲስ አበባ ተቀምጠው የሁለት ሦስት አገር ኃላፊነት መውሰድ ነው። ናይሮቢ በበረራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ የሰዓት ልዩነትም የለም። (በስዋሂሊም እንደ እኛው በፈረንጅ አቆጣጠር 7 ሰዓት የሚባለው ጠዋት አንድ ሰዓት ስለሆነ ቀጠሮ ሲይዙ የትኛውን አቆጣጠር እንደሚሉ ያረጋግጡ።) ይህን ሲቀበሉ ደመወዙ ይስተካከል፤ የጉዞ ቀናትም በወር ከስንት እንደማይበልጡ ይጻፍ። በወር 12 ቀን መንገድ ላይ የሚውል ሰው የሁለቱንም ድካም ተሸክሞ የአንዱን ጥቅም ብቻ ያገኛል።

3. ደብዳቤው ላይ መጻፍ ያለበት

ለመሄድ ከወሰኑ ከዚህ በላይ ጊዜ የሚገባው ደረጃ የለም።

የመመለሻው አንቀጽ። ብዙዎች «ወደ ነበረበት መደብ ይመለሳል» የሚል ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። ይህ ደካማ ቃል ነው። መደቡ ባዶ አይጠብቅዎትም፤ መጀመሪያ በተጠባባቂ ይያዛል፣ በዓመቱ ተጠባባቂው ይጸድቃል፣ በሁለተኛው ዓመት መዋቅር ሲለወጥ መደቡ ራሱ ይጠፋል። መያዝ ያለበት መደቡ ሳይሆን ደረጃው ነው። እንዲህ ይጻፍ፦

«የውሰት ጊዜው ሲያበቃ ሠራተኛው አዲስ አበባ ላይ፣ ከመሄዱ በፊት ከነበረው ደረጃ በማያንስ የሥራ መደብ፣ በውሰቱ ዘመን ለደረጃው የተደረጉ የደመወዝ ጭማሪዎች ሁሉ ተካተውለት ይመደባል። ተስማሚ መደብ ካልተገኘ እስከ 6 ወር በሙሉ ደመወዝ በልዩ ሥራ ይመደባል። ከዚያም ካልተገኘ የውሰቱ ዘመን በአገልግሎት ተቆጥሮ የሥራ ስንብት ክፍያ ይፈጸምለታል።»

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያውን ያጠነክረዋል። አለመመደብ ወጪ ካላስከተለ ማንም አይጨነቅበትም።

የጥላ ደመወዝ። ውጭ እያሉ በወረቀት ላይ የሚኖር የአዲስ አበባ ደመወዝዎ ነው። በየዓመቱ ባልደረቦችዎ ሲጨመርላቸው እሱም ይጨምራል፤ በየዓመቱ የደረሰበት መጠን በደብዳቤ ይገለጽልዎታል። ይህ ከሌለ ሲመለሱ ድርድሩ የሚጀምረው ከሦስት ዓመት በፊት ከነበረው ደመወዝ ነው፤ በእኛ የዋጋ ንረት ያ ማለት ከእርስዎ ሥር ከነበረው ሰው በታች መግባት ነው።

የሥራ አፈጻጸም ምዘና። ሁለት አለቃ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ በማንም አይመዘንም። የናይሮቢው ኃላፊ ይመዝን፣ የአዲስ አበባው አይቶ ይፈርም፣ ውጤቱ በአዲስ አበባው የግል ማኅደር ይቀመጥ። ማኅደርዎ ሦስት ዓመት ባዶ ከሆነ የዕድገት ኮሚቴ ፊት ያልሠሩ ሰው ነዎት።

ጊዜው ሳይደርስ ቢቋረጥ። ፕሮጀክቱ ቢዘጋ ወይም ገንዘብ ሰጪው ቢያቋርጥ የመመለሻ ትኬትና የዕቃ ማጓጓዣ፣ የቤት ኪራይ ውሉ ቀሪ ወራት፣ የተከፈለ የትምህርት ቤት ክፍያ በማን ይሸፈናል? ናይሮቢ ላይ ቤት ሲከራዩም በሥራ ምክንያት ቀድሞ መልቀቅን የሚፈቅድ አንቀጽ ያስገቡ።

ጡረታ። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። በውሰቱ ጊዜ መዋጮው ይቀጥላል ወይስ ይቆማል የሚለው በግልጽ ይጻፍ። የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፤ 8 ዓመት አዋጥቶ የሄደና ያልተመለሰ ሰው የሚደርሰው አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ብቻ ነው። አበሉ የሚሰላው ደግሞ በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። በ42 ዓመት ዕድሜ መዋጮ ያቆመ ሰው በ60 ዓመቱ አበሉ የሚሰላለት ከ18 ዓመት በፊት በነበረ የብር ደመወዝ ነው። ስለዚህ ለመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታት አገር ቤት መመለስ ለጡረታም ልዩነት ያመጣል።

ሁሉንም ማግኘት ካልቻሉ? ከቤት አበል፣ ከትኬት፣ ከመኪና በፊት መመለሻውንና የጥላ ደመወዙን ይያዙ። የቤት አበል ሦስት ዓመት ያገለግላል፤ ያለ ጥላ ደመወዝ የመጣ ጉድለት ግን ከዚያ በኋላ ባለው ጭማሪ ሁሉ ላይ ይከተልዎታል። በቃል የተሰጠ ተስፋ ዋጋ የለውም። የሰጪው ሰው እምነት አጥቶ አይደለም፤ በሦስት ዓመት ውስጥ እሱም ስለሚቀየር ነው።

4. ከመነሻው ስምንት ሳምንት በፊት

የሥራ ልምድ ደብዳቤ አሁኑኑ ያውጡ። አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ መልቀቅ አያስፈልግም። በአማርኛ ከተጻፈ ዘመን አቆጣጠሩ ላይ ይጠንቀቁ። «ከመስከረም 2008 እስከ ሰኔ 2013» የሚለውን ተርጓሚው ወሩን ለውጦ ዓመቱን እንዳለ ይተወዋል፤ ትክክሉ ከመስከረም 2015 እስከ ሰኔ 2021 ነው። ዲግሪዎ እ.ኤ.አ. በ2015 የተሰጠ ከሆነ ያልተለወጠው ደብዳቤ ከመመረቅዎ በፊት ባለሙያ ያደርግዎታል፤ ያን የሚያይ መርማሪ ሰነዱን በሐሰተኛነት ይጠረጥራል። ስምም እንዲሁ ነው። ፓስፖርት ላይ የአያት ስም አለ፣ ዲግሪው ላይ የለም፤ የፊደል አጻጻፉም ይለያያል። ውሉ፣ የሥራ ፈቃዱና የባንክ ሒሳቡ በፓስፖርቱ አጻጻፍ ይሁኑ።

የትምህርት ማስረጃ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ አንዳንዴም በሚሄዱበት አገር ኤምባሲ ይረጋገጣል። ቅደም ተከተሉን የዘለለ ሰነድ ተመላሽ ስለሚሆን አሠሪውን የትኞቹን ማኅተሞች እንደሚፈልግ አስቀድመው ይጠይቁ።

የሥራ ፈቃድ ሳይወጣ አይሂዱ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ኬንያ ያለ ቪዛ መግባት ይቻላል፤ መግባት ግን መሥራት አይደለም። ለተቀጣሪ የሚሰጠው ክፍል ዲ የሚባለው ፈቃድ ነው፤ ከአሠሪውም ጋር የታሰረ ነው። ባለቤትዎ በቤተሰብነት (ዲፔንደንት) ፓስ ቢገቡ በዚያ ፓስ መቀጠር አይችሉም፤ የራሳቸው ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ሁለት ደመወዝ የነበረው ቤት በአንድ ደመወዝ ሲገባ የሦስት ዓመቱ ሒሳብ ይለወጣል። የትዳር አጋር ሥራ ማጣት ቤተሰብን ያለጊዜው የሚመልስ ነገር ስለሆነ በወረቀቱ ግራ በኩል በቁጥር ይግባ።

ግብር ላይ አንድ ነገር ይወቁ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው ውጭ ያገኘው ገቢም ግብር ይመለከተዋል፤ ውጭ የከፈለው ግብር የሚቀናነስበት ሥርዓትም አለ። ነዋሪ የሚያሰኘው በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ አገር ውስጥ መገኘት ብቻ አይደለም፤ መኖሪያው ኢትዮጵያ የሆነ ሰውም ነዋሪ ነው። ቤተሰቡን አዲስ አበባ ትቶ በየሳምንቱ መጨረሻ የሚመላለስ ሰው በሁለቱም አገር ሊጠየቅ ይችላል። የኬንያውን የግብር ክፍያ ማረጋገጫ በየዓመቱ ይዘው ያስቀምጡ፤ ልዩነቱን አሠሪው እንዲሸፍን ደብዳቤው ላይ ካስጻፉ ደግሞ የተሻለ ነው።

የሠራተኛ ብድር ካለብዎት ውሉን ያንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ሥራው ሲቋረጥ ወለዱ ወደ ንግድ መጠን ይቀየራል ወይም ዕዳው በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። መታገድ ከመቋረጥ የሚሻልበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። ውክልና በሰነዶች ማረጋገጫ ይስጡ፤ ሥልጣኑም ተዘርዝሮ ይጻፍ። ባንክ ማንቀሳቀስ፣ ማከራየት፣ ግብር መክፈል እያሉ በስም ይጥቀሱ፤ መሸጥን ካልፈለጉ አያካትቱ።

5. እዚያ ከደረሱ በኋላ

ወጣ ያለ ሰው ከዋናው ቢሮ የሚረሳው ስላልሠራ አይደለም፤ ሥራው ስለማይታይ ነው። በወር አንድ ጊዜ ከግማሽ ገጽ የማይበልጥ ማስታወሻ ለአዲስ አበባው ኃላፊ ይላኩ፦ ምን ተሠራ፣ ለአዲስ አበባ ምን ይጠቅማል፣ ምን ዓይነት ድጋፍ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ነጥብ ከሌለ አይነበብም።

በአንድ ሰው አይደገፉ። የላከዎት አለቃ ሲለቅ ታሪክዎ አብሮት ይሄዳል። ቢያንስ ሁለት ሰው ይኑርዎት፤ አንዱ ከሰው ሀብት ወይም ከፋይናንስ፣ ሌላው ከሥራው ክፍል። የእረፍት ፈቃድዎን በሙሉ ለበዓል አይጨርሱት፤ አንዱን ጉዞ በጀት ከሚመከርበት ሳምንት ጋር አያይዙትና ሁለት ቀን ቢሮ ይዋሉ።

ልጆች አብረው ካሉ፣ ሲመለሱ የሚገቡበትን ክፍል ከአሁኑ ያስቡ። የኬንያው ብሔራዊ ሥርዓት የትምህርት ዘመኑን በጥር ይጀምራል፣ የእኛው በመስከረም። አማርኛ ማንበብና መጻፍ ከተቋረጠ ደግሞ አገራዊ ፈተና ያለበት ክፍል ላይ ሲደርሱ ይቸገራሉ።

6. መመለስ

የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የሠራተኛ ዕቅድ የሚያዘው በሚያዝያና በግንቦት ነው። ድርጅትዎ ይህን ዓመት ወይም ሌላ የሚከተል መሆኑን ይወቁና ወደኋላ ይቁጠሩ። ውሰቱ በጥቅምት የሚያልቅ ሰው መደቡ በግንቦት ካልተያዘለት «በጀት የለም» ይባላል፤ እውነትም የለም። ስለዚህ መመለሻውን የሚያስታውስ ደብዳቤ ቢያንስ ከ9 ወር በፊት ይጻፉ፤ 6 ወር ሲቀር ሊሆኑ የሚችሉ መደቦችን በስም ይጠይቁ፤ 3 ወር ሲቀር መልስ ከሌለ ሌሎች ድርጅቶች ውስጥ መወዳደር ይጀምሩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ክህደት አይደለም።

«አንድ ዓመት ጨምር» ይባላሉ። ከመቀበልዎ በፊት የመመለሻው አንቀጽ ለተጨመረው ዘመንም እንደሚሠራ በጽሑፍ ያስይዙ፤ ያለዚያ መብቱ በመጀመሪያው ቀን ገደብ ያበቃል። ያለ ደመወዝ ፈቃዱም በአዲስ ደብዳቤ መራዘም አለበት። ናይሮቢ መስማማቷ አዲስ አበባን አያስርም።

ከናይሮቢ ከመውጣትዎ በፊት የመጨረሻውን ምዘና፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን፣ የግብር ማረጋገጫውንና ክሊራንሱን በእጅ ይያዙ። ከዚያ ውሉ ታግዶ ከነበረ የእግዱ ጊዜ ባለቀ በማግስቱ ባለው የሥራ ቀን አዲስ አበባ ቢሮ በአካል ይገኙ። ዕቃው ገና መንገድ ላይ ቢሆንም፣ መደቡ ገና ባይወሰንም አይዘግዩ። «ለሥራ ሪፖርት አድርጌያለሁ» የሚል ሁለት ቅጂ ደብዳቤ ይዘው መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ የእርስዎ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥሩና ቀኑ ተጽፎ ማኅተም ይደረግበት። «ሰኞ ና» ቢሉዎትም ቅጂውን ሳያስመቱ አይውጡ።